ባንኮኒው ከመቆረጡ በፊት፦ ተገጣሚ የምግብ ማሞቂያ አመራረጥ

ምግብ ቤት ሲከፈት የሥራው ቅደም ተከተል አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። ቤት ይከራያል፣ ቀለም ይቀባል፣ ባንኮኒው በግራናይት አምሮ ይሠራል። ባንኮኒው ውስጥ የሚገጠመው የምግብ ማሞቂያ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ ለምረቃው አንድ ሳምንት ሲቀር ነው። እኔም የመጀመሪያዬን ያደረግኩት እንዲሁ ነበር። ሻጩ በስልክ የነገረኝን ርዝመትና ስፋት ለድንጋይ ቆራጩ ሰጠሁት፤ ቆራጩም የታዘዘውን ቆረጠ። ማሞቂያው ሲመጣ ባንኮኒው ላይ ያርፋል ስንል ዘው ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ለካ የተነገረኝ የከንፈሩ፣ ማለትም ባንኮኒው ላይ የሚያርፈው የውጭ ጠርዝ ልክ ኖሯል፤ የቀዳዳው ልክ ሌላ ነው። በያጅ ጠርቼ ከሥር አንግል ብረት አስደግፌ ሥራ ጀመርኩ። ዳር ላይ የቀረችው ክፍተት ግን ቤቱን እስክለቅ ድረስ ሽሮ ስትጠጣ ኖረች።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ቻፊንግ ዲሽ ካልተመቸ ይነሳል፣ ይሸጣል፣ ለሠርግ ይከራያል። ባንኮኒ ውስጥ የገባ ማሞቂያ ግን ከድንጋዩ፣ ከመብራቱ መስመርና ከውኃ መውጫው ጋር ተጋብቷል፤ ፍቺው ውድ ነው። ስለዚህ ምርጫው የሚጀመረው ከድስቱ ነው፤ ካታሎግ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ፣ ድንጋይ ቆራጭ የሚጠራው ደግሞ ከሁሉም በኋላ ነው። የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ለምሳ ቡፌ ወይም ለካፍቴሪያ ባንኮኒ ለሚያዘጋጅ ሰው ነው። ሌላ ቦታ ላለ ሰው የሚለወጠውን እየጠቀስኩ እሄዳለሁ።

1. ማሞቂያው ምን እንደማይሠራ ይወቁ

ማሞቂያ ምግብ አያበስልም፤ የቀዘቀዘ ወጥ ለማሞቅም አልተሠራም። ሥራው ከምድጃ ላይ ትኩስ የወረደውን ምግብ ትኩስ አድርጎ ማቆየት ብቻ ነው። ይህን ያልተረዳ ወጥ ቤት የትናንቱን ቀዝቃዛ ወጥ ጠዋት የማሞቂያው ገንዳ ውስጥ ያስቀምጥና «እስከ ምሳ ይሞቃል» ይላል። ይሞቃል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። ቀስ ብሎ መሞቁ ነው አደጋው።

ተሕዋስያን በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለገበታ የሚጠብቅ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሁን ይላል። የአሜሪካው የምግብ ደንብ 57፣ የእንግሊዙ 63 ይላሉ። እኔ ወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው 65 ነው። ክዳን ሲከፈት፣ ጭልፋ ሲገባ ሲወጣ የሚቀንሰውን አስቀድሜ አስቤ ነው። በብዛት በተሠራ ሥጋ ወጥ ውስጥ የሚገኘው ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ መፍላትን ይቋቋማል፤ ወጡ ለብ ሲል ነቅቶ ይራባል። ሩዝ ላይ የሚታወቀው ባሲለስ ሴሬየስ ደግሞ የሚተወው መርዝ በኋላ ቢያፈሉትም የማይጠፋ ዓይነት አለው። እናም ያደረ ምግብ ካለ ምድጃ ላይ ቢያንስ 74 ዲግሪ እስኪደርስ በፍጥነት ይሞቅና ከዚያ ወደ ማሞቂያው ይግባ።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕቃ የሚወጋ ቴርሞሜትር ነው። የማሞቂያው መዘውር ላይ የተጻፈው ቁጥር የምግቡን ሙቀት አይነግርዎትም። አንዳንዱ ላይ ከ1 እስከ 10 ብቻ ነው የተጻፈው፤ 7 ቁጥር ስንት ዲግሪ እንደሆነ ሻጩም አያውቀውም።

2. የምግብ ዝርዝሩን በወረቀት ያስፍሩ

ባንኮኒው ላይ የሚወጣውን እያንዳንዱን ምግብ ይጻፉና አጠገቡ ሙቀት ሲቆይበት ምን እንደሚሆን ይጻፉ። ይህ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ስንት ሺህ ብር ያድናል።

ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ቀይ ወጥ፣ የፓስታ ሶስ ማሞቂያ የሚወዳቸው ናቸው፤ ፈሳሽ ስላላቸው ሙቀቱ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል። ሽሮ ይቆያል ግን ይወፍራል፤ ዳር ዳሩም ይይዛል። በየጊዜው ሙቅ ውኃ ጠብ የሚያደርግና የሚያማስል ሰው ይፈልጋል። ዶሮ ወጥ ራሱ ችግር የለበትም፤ እንቁላሉ ግን ለረጅም ሰዓት ሲሞቅ አስኳሉ ዙሪያውን አረንጓዴ ይላል፣ ነጩም እንደ ጎማ ይሆናል። እንቁላሉን ለይቶ አቆይቶ ሲቀርብ መጨመር ይሻላል። ጎመን ከአንድ ሰዓት በኋላ መልኩ ይጠወልጋል። ጥብስ ይደርቃል፤ ጥብስን ቡፌ ላይ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ወይ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ያውጣ ወይ ባያወጣው ይሻላል። ሳምቡሳ፣ ቺፕስና የተጠበሰ ዓሣ እንፋሎት ጠላታቸው ነው።

ለብለብ ክትፎና ለብለብ ዱለትን በተመለከተ ክርክር የለኝም፤ ማሞቂያ ውስጥ አይገቡም። ለብለብ ማለት ሙቀቱ ባክቴሪያ የሚገድልበት ደረጃ ያልደረሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ ለሁለት ሰዓት ሞቅ አድርጎ ማቆየት ለባክቴሪያው ድግስ መደገስ ነው። እንጀራም አይገባም። አንድ ካፍቴሪያ ውስጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የረጠበ እንጀራ ከፓን፣ ማለትም ገንዳው ውስጥ ከሚገባው የምግብ መያዣ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ያነሳው ሰው ፊት እስካሁን ትዝ ይለኛል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ባንኮኒ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ፤ ጾምና ፍስክ። ረቡዕና ዓርብ ባንኮኒው በሙሉ የጾም ሊሆን ይችላል። በዐቢይ ጾም ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ለሚቀረው ጊዜ የሥጋው ክፍል ይዘጋል። በሌላው ቀን ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀርባሉ፤ ደንበኛም «ይቺ ጭልፋ ቀይ ወጥ ነክታለች?» ብሎ ይጠይቃል፣ መጠየቁም መብቱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ገንዳ የራሱ ማብሪያ ያለው ማሞቂያ ቢገዙ የማያስፈልገውን ዘግተው መብራት ይቆጥባሉ። ሥጋው በአንድ ጫፍ፣ ጾሙ በሌላው ጫፍ ሆኖ መካከሉ ላይ ሩዝ ወይም አትክልት ቢቀመጥ ደግሞ ጠብታ አይሻገርም።

3. የፓኑን ልክና ብዛት ይወስኑ

ሆቴሎች ጂኤን ፓን የሚሉት አራት ማዕዘን ስቴንለስ መያዣ ልኩ በዓለም ዙሪያ የተወሰነ ነው። ሙሉው፣ አንድ በአንድ የሚባለው፣ 530 በ325 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሹ 325 በ265፣ ሲሶው 325 በ176፣ ስድስተኛው 176 በ162 ይሆናል። ጥልቀቱ 65፣ 100፣ 150 ወይም 200 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩን የጠበቀ ማሞቂያ ከገዙ ፓኑ ሲጠፋ ወይም ሲጎብጥ ከየትም ይተኩታል። በአገር ውስጥ ብየዳ ቤት «በራሳችን ልክ» የተሠራ ማሞቂያ ርካሽ ነው፤ ፓኑ ግን ሁልጊዜ ከዚያው ቤት ብቻ ይመጣል። እዚያው የሚያሠሩ ከሆነ አንድ እውነተኛ ጂኤን ፓን ይዘው ይሂዱና «ይህ እንዲገባበት አድርገህ ሥራ» ይበሉ።

ብዛቱን ለማስላት አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በምሳ ሰዓት ከ6 እስከ 8 ባለው ጊዜ 120 ሰው ይስተናገዳል እንበል፤ እያንዳንዱ አንድ ጭልፋ፣ ማለትም 150 ሚሊ ሊትር ሽሮ ይወስዳል። 18 ሊትር ሽሮ መሆኑ ነው። ጥልቀቱ 100 የሆነ ሙሉ ፓን ሞልቶ 13 ሊትር ግድም ይይዛል፤ ሳይፈስ የሚሠራበት 10 ሊትር ነው። ሁለት ጊዜ ይሞላል ማለት ነው፤ እሱም ጥሩ ነው። አንዳንዱ «አንዴ ሞልቼ ልገላገል» ብሎ የ200 ጥልቀት ያለውን ይገዛል። ከሥር ያለው ምግብ ሁለት ሰዓት ሲንተከተክ ከላይ ያለው ይቀዘቅዛል፤ ፓኑም ሲሞላ ለአንዲት ልጅ ብቻዋን የሚነሳ ሸክም አይደለም። ትንሽ ፓን፣ ቶሎ ቶሎ መለወጥ፣ ሁልጊዜ ትኩስ ነው። ለብዙዎቹ ወጦቻችን የ100ው ይበቃል።

ለበያይነቱ ደግሞ ሙሉውን ፓን ለእያንዳንዱ ምግብ መስጠት ባንኮኒ ማባከን ነው። በአንድ ሙሉ ገንዳ ውስጥ ሦስት ሲሶ ፓኖች ይገባሉ፤ በሁለት ገንዳ ስድስት ዓይነት ወጥ ይደረደራል። በመካከላቸው የሚገባውን መለያ ዘንግ አብረው መግዛት እንዳይረሱ። ዘንጉ ከሌለ በፓኖቹ መካከል ባለው ክፍተት እንፋሎት ይወጣል፤ ጭልፋ የምትይዘዋን እጅም ያቃጥላል።

4. እርጥብ ወይስ ደረቅ?

ዋናው ውሳኔ ይህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

እርጥቡ፣ ቤን ማሪ የምንለው፣ ገንዳው ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ኖሮበት ውኃው ይሞቅና እንፋሎቱ ፓኑን ከሥርና ከጎን ያቅፈዋል። ሙቀቱ የተስተካከለ ነው፤ ምግብ አያቃጥልም። ደረቁ ውኃ የለውም፤ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም በመብራት የሚግለው ክፍል፣ ከገንዳው ሥር ወይም ዙሪያ ተለጥፎ አየሩን ያሞቃል። ቶሎ ይግላል፣ ውኃ መሙላትና ማፍሰስ የለበትም፤ ግን ፓኑ የሚነካው ቦታ ላይ ይጠነክራል። ሽሮ ደረቅ ገንዳ ውስጥ ካስቀመጡ ከምሳ በኋላ ፓኑን በቢላ ነው የሚፍቁት። ለፈሳሽና ለወፍራም ወጥ እርጥቡ፣ ለተጠበሰ ነገር ደረቁ ይሻላል። በሁለቱም መንገድ የሚሠራ ገንዳም ስላለ፣ የምግብ ዝርዝራቸው ያልረጋ ቤቶች ትንሽ ጨምረው እሱን ቢገዙ አይጎዱም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። የውጭ መመሪያ «ገንዳውን 95 ላይ አድርግ» ሲል አዲስ አበባ ላይ ያ ማለት ያለማቋረጥ እያፈላህ ውኃውን ጨርስ ማለት ነው። ምግቡን 65 ላይ ለማቆየት የገንዳው ውኃ ከ80 እስከ 85 ቢሆን ይበቃል። ድሬዳዋ ያለ ሰው ከፍታው ዝቅተኛ ስለሆነ ይህ ብዙም አያስጨንቀው፤ የእሱ ራስ ምታት ውኃው የሚተወው ቅርፊት ነው። የድሬዳዋ ውኃ ጀበናንም ሆነ ቦይለርን በነጭ ቅርፊት እንደሚሸፍን የኖረበት ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ውኃ ባለበት ሬዚስታንሱ ውኃ ውስጥ የተነከረ ማሞቂያ አይግዙ፤ ቅርፊቱ ሲወፍር ሙቀት ማስተላለፍ ያቅተውና ራሱን ያቃጥላል። ሬዚስታንሱ ከሥር የተለጠፈ ከሆነ ግን የሚጸዳው የገንዳው ለስላሳ ወለል ብቻ ነው፤ በሳምንት አንዴ አቸቶ በሙቅ ውኃ በጥብጦ ማሳደር ይበቃዋል።

እርጥቡን የምመርጥበት ሌላው ምክንያት የመብራት መቆራረጥ ነው። 20 እና 30 ሊትር ትኩስ ውኃ የሙቀት ስንቅ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ክዳኑን ገጥመው ቢጠብቁ ወጡ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ደረቁ ገንዳ የያዘው አየር ስለሆነ ወዲያው ይበርዳል። በተቃራኒው ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ላለ ሰው የእርጥቡ ጥማት ይሰማዋል። ሮቶ ከሌለዎት ይህንን አስቀድመው ያስቡት።

ለሳምቡሳ፣ ለፒዛ ቁራጭና ለመሰሉት ገንዳ ጭራሽ አያስፈልግም፤ ባንኮኒው ላይ ተስተካክሎ የሚገጠም የሚግል መስታወት ወይም ከላይ የሚንጠለጠል የኢንፍራሬድ መብራት ይበቃቸዋል። የመብራቱ ከፍታ ፋብሪካው በጻፈው መሠረት ይሁን። ሰቃዩ «ለቁመናው» ብሎ ከፍ ካደረገው ሳምቡሳው ብርሃን እንጂ ሙቀት አያገኝም።

5. ቆጣሪዎን ያናግሩ

ከካታሎጉ ላይ የሚታየው የመጀመሪያ ቁጥር ዋት መሆን አለበት። አራት ሙሉ ፓን የሚይዝ እርጥብ ማሞቂያ 3 ኪሎዋት ቢሆን፣ በ220 ቮልት ከ13 አምፔር ተኩል በላይ ይስባል። ብቻውን ቀላል ነው። ግን የምሳ ሰዓት ላይ ማሽኑ ማኪያቶ ያወጣል፣ ጓዳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ በርቷል። ማሽኑን 3 ተኩል፣ ምጣዱን 3 ተኩል ብለን ብንደምር 10 ኪሎዋት፣ ወደ 45 አምፔር ይመጣል፤ ፍሪጁን አልቆጠርንም። በሲንግል ፌዝ ቆጣሪ ይህን መሸከም ከባድ ነው። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ብሬከሩ ወረደ፤ ሰው ሳህን ይዞ ተሰልፎ ነበር። ስሪ ፌዝ የማስገባቱ ጉዳይ ጊዜ ስለሚወስድ ማመልከቻው ማሞቂያው ከመገዛቱ በፊት ይግባ።

ቮልቴጁ ይውረድ አይውረድ ራስዎ ይለኩ ወይም ያስለኩ፤ የሚለካውም ሁሉም ቤት ምድጃ በሚያበራበት በምሳ ሰዓት ነው። ሬዚስታንስ ቮልቴጅ ሲወርድ ጉልበቱ በእጥፍ ፍጥነት ይወርዳል። 220 ሲገባው 3 ኪሎዋት የሚሰጠው ማሞቂያ 190 ሲገባው ሦስት አራተኛውን ብቻ ይሰጣል። 30 ሊትር ውኃን ከ18 ዲግሪ ወደ 80 ለማድረስ ሙሉ ጉልበቱ 43 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በ190 ቮልት ግን አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህ ሁሉ ብረቱ የሚጠጣውና ወደ አየር የሚያመልጠው ሙቀት ሳይታሰብ ነው። ለዚህም ነው ጠዋት ገንዳውን ከቦይለር በመጣ ሙቅ ውኃ ሙሉት የምለው፤ ቀዝቃዛ ሞልቶ መጠበቅ መብራትም ጊዜም ማባከን ነው።

ዕቃው ከየት እንደመጣም ይጠይቁ። ከዱባይ የሚመጣው ለ230 ቮልት የተሠራ ስለሆነ እዚህ ያለ ችግር ይሠራል፤ ሶኬቱ ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው። አስማሚ ሰክተው እንዳይጠቀሙ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ በቀጥታ ከራሱ ብሬከር በሚወጣ መስመር ይታሰር። ከአሜሪካ ወንድም ወይም እህት የሚልከው ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የ120 ቮልቱ እዚህ ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ጉልበት ይስብና ሬዚስታንሱ ወዲያው ይቃጠላል። 208 ቮልት የተጻፈበት ይሠራል ግን ከሚገባው 12 ከመቶ ያህል በላይ ይግላል። የ240ው ትንሽ ደከም ይላል እንጂ ጉዳት የለውም። ይህ ለተራ ሬዚስታንስ ነው፤ ዲጂታል መቆጣጠሪያ ያለው ከሆነ ሰሌዳው ላይ 50 ኸርዝ መጻፉን ያረጋግጡ።

ኤሌክትሪሺያኑን ሦስት ነገር ያስገድዱት። ለማሞቂያው ብቻ የሚሆን መስመር ይዘርጋ፤ ለ3 ኪሎዋት ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ ይችለዋል፣ መስመሩ ረጅም ከሆነ ወይም ወደፊት ገንዳ ይጨመራል ካሉ ባለ 4 ካሬ ይሁን። የግራውንድ ሽቦው በእርግጥ መሬት መድረሱ ይለካ። ከዚያ 30 ሚሊ አምፔር የሊኬጅ ብሬከር፣ ማለትም መብራት ሲያፈስ ራሱ የሚቆርጥ፣ ይግባ። ውኃ፣ ብረትና መብራት አንድ ላይ ያሉበት ዕቃ መሆኑን አይርሱ፤ እርጥብ እጅ ቀኑን ሙሉ ይነካዋል።

6. ብረቱን ይመርምሩ

ስቴንለስ ሁሉ አንድ አይደለም። ለምግብና ለእንፋሎት የሚመከረው 304 የሚባለው ነው። ርካሹ 201 ሲሆን ጨውና በርበሬ ያለበት ነገር እየፈሰሰበት ሲውል ቶሎ ቡናማ ነቁጥ ያወጣል። ማግኔት ይዞ የሚዞር ገዢ አለ፤ ማግኔት የሚይዘው 430 መሆኑን ያሳየዋል እንጂ 201ን ከ304 አይለይለትም፤ ሁለቱም ማግኔት አይስቡም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የብረቱ ዓይነት በደረሰኙ ወይም በውሉ ላይ ይጻፍ። ጣትዎን ገንዳው ውስጥ አስገብተው ማዕዘኖቹን ይዳስሱ፤ ክብ ከሆኑ በጨርቅ ይጸዳሉ፣ ብየዳቸው ሻካራ ከሆነ ወጥ እዚያ ይቀመጣል። በገንዳውና በውጭው ቆርቆሮ መካከል የሙቀት መከላከያ መኖሩንም ይጠይቁ። ከሌለው ሙቀቱ ለባንኮኒዎ ይሄዳል።

መለዋወጫ አለ ወይ? ሬዚስታንሱና ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) ከላይ ይወጣሉ ወይስ ዕቃው በሙሉ ተነስቶ ይገለበጣል? ይህንን ጥያቄ ሻጩ በምን ፍጥነት እንደሚመልስ ማየት ብቻ ብዙ ይነግርዎታል።

7. የውኃ መውጫው

ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። መውጫ የሌለው ገንዳ ማታ ማታ በጆግ እየተቀዳ ይፈሳል፤ ሦስት ቀን ይደረጋል፣ በአራተኛው ቀን ውኃው ያድራል፣ ከሳምንት በኋላ ይሸታል። እያንዳንዱ ገንዳ ወይም አንድ ላይ የተያያዙት ገንዳዎች ከሥር የኳስ ቫልቭ ይኑራቸው፤ ቫልቩም ሠራተኛዋ ሳትንበረከክ በምትደርስበት ቦታ ይሁን። ቧንቧው ተራ ፒቪሲ አይሁን፣ በትኩስ ውኃ ይለሰልሳል፤ ለሙቅ ውኃ የተሠራ ፒፒአር ወይም ብረት ይሁን። ጫፉ ፍሳሹ ውስጥ ተነክሮ አይግባ፤ ከወለሉ መውጫ በላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይቅር። ፍሳሹ ሲደፈን ቆሻሻው ወደ ገንዳው እንዳይመለስ ነው።

8. አሁን ድንጋይ ቆራጩ ይጠራ

ዕቃው በእጅዎ ከገባ በኋላ ብቻ ነው የሚቆረጠው፤ ልክ በስልክ አይወሰድም። ሁለት ልክ አለ። አንደኛው የውጭው ከንፈር፣ ሁለተኛው የመቁረጫው ነው፤ ሁለተኛው ያንሳል። ካርቶን ላይ የመቁረጫውን ልክ ቆርጠው ዕቃውን ያውርዱበት፤ ከገባና ከንፈሩ በአራቱም በኩል ካረፈ ካርቶኑን ለቆራጩ ይስጡት። ግራናይት ላይ የውስጥ ማዕዘኖቹ ስል ሆነው አይቆረጡ፣ ክብ ይሁኑ፤ ከስል ማዕዘን ነው ስንጥቅ የሚጀምረው። ከቀዳዳው እስከ ባንኮኒው ጫፍ የሚቀረው ድንጋይም ቀጭን ከሆነ ሙቀትና ክብደት ይሰብረዋል፤ እኔ ከ7 ሴንቲ ሜትር በታች አላስቀርም። ባንኮኒው ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ቦርድ) ከሆነ የተቆረጠው ጠርዝ በሲሊኮን ወይም በአሉሚኒየም ቴፕ ይታሸግ፤ እንፋሎት ሲጠጣ እንደ ዳቦ ያብጣል።

ከሥር ያለው ሣጥን መተንፈስ አለበት። የተወሰነ ክፍት መረብ ይደረግለት፣ ለጥገናም የሚከፈት በር ይኑረው። የመጠጥ ፍሪጅ እዚያው አጠገብ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው፤ ማሞቂያው ያግላል፣ ፍሪጁ ያንን ለማብረድ ቀኑን ሙሉ ይለፋል፣ ቆጣሪው ለሁለቱም ይከፍላል። ደንበኛው በሚቆምበት በኩል የመስታወት ከለላ ይገጠም፤ ሰው ወጥ ላይ ጎንበስ ብሎ ማውራት ይወዳል።

9. ከመክፈልዎ በፊት ይሞክሩት

ቀሪው ክፍያ ሳይለቀቅ ዕቃው ተገጥሞ ይፈተን። ገንዳው ይሞቅ፤ ፓኖቹ ውስጥ ምድጃ ላይ 75 ዲግሪ የደረሰ ውኃ ይደረግ። ለሁለት ሰዓት በየ30 ደቂቃው መካከሉንም ማዕዘኑንም በቴርሞሜትር ይውጉ፤ በየመካከሉም ክዳኑን እንደ ምሳ ሰዓት ይክፈቱ ይዝጉ። አንዱ ጥግ ከ60 በታች ከወረደ ሬዚስታንሱ ሁሉንም ቦታ አይደርስም ማለት ነው፤ ዕቃው ይመለስ ወይም ይስተካከል። ከዚያ ብሬከሩን አውርደው ክዳኑን ይግጠሙና የፓኑ ውኃ ወደ 60 እስኪወርድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይያዙ። ያ ቁጥር ወጥ ቤቱ ውስጥ ይለጠፍ፤ መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር ለማስነሳት ያለዎት ጊዜ ያቺ ናት። ምግቡ ከ60 በታች ከወረደ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ምድጃ ላይ እንደገና ይንተክተክ፤ ካለፈ ይደፋ።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ምግብ ቤት ለሚከፍቱ ዘመዶቻችን ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ አንድ ነገር ግን ይጨመራል። ከመግዛታቸው በፊት የባንኮኒውን ንድፍ ለአካባቢያቸው የጤና መሥሪያ ቤት ያሳዩ። እዚያ ተቆጣጣሪው አብዛኛውን ጊዜ የኤንኤስኤፍ፣ ማለትም የምግብ ዕቃ ንጽሕና ማረጋገጫ ምልክት ያለው ዕቃ ስለሚፈልግ ከአዲስ አበባ አሠርቶ መላክ አያዋጣም።

በመጨረሻም ከቀዳዳው ተቆርጦ የወጣውን ግራናይት ቆራጩ ይዞት እንዳይሄድ። ጠርዙን አስሞርደው፣ ሁለት እጀታ አስለጥፈው ያስቀምጡት። ማሞቂያው ለጥገና የወጣ ቀን ከሥር አንግል ብረት አስደግፈው ቀዳዳው ላይ ይከድኑታል፤ ባንኮኒውም ያን ቀን ሥራ አይፈታም።